ዝናም በታጣ ጊዜ የሹምና የባለመሬት ተግባር፤ የቦረና ምድር ምስክርነት

የአገር ሀብት መሠረቱ መሬት ነው፤ መሬትም ያለ ውኃ ፍሬ አይሰጥም። ስለዚህ አንድ ገዥ የግዛቱን ወሰን ማወቅ እንደሚገባው ሁሉ፣ በግዛቱ ውስጥ ያለውን የምንጭ ብዛት፣ የጕድጓዱን ጥልቀት፣ የኩሬውን ይዞታና ዝናሙ የሚገባበትንና የሚወጣበትን ወራት ማወቅ ይገባዋል። ጠላት ወሰን ሲጥስ ነጋሪት ይጐሰማል፤ ድርቅ ግን ነጋሪት ሳያስጐስም ቀን በቀን እየተንፏቀቀ ይገባል። አበው «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይላሉ፤ የውኃ ማጣትም ሰውን የሚወስደው «ነገ ይዘንማል» እያሰኘ ነው።

ለዚህ ነገር ብዙ ምሳሌ ሊቀርብ ይቻላል። ነገር ግን ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ድረስ በቦረና ምድር የሆነው ለመማሪያ የቀረበና የተገለጸ ስለሆነ፣ የአገሩ ጠባይ፣ የጥፋቱ ምክንያትና ከእርሱ የሚገኘው ትምህርት በየክፍሉ ከዚህ በታች ተጽፏል።

ስለ አገሩ ጠባይ

የቦረና ምድር በኢትዮጵያ ደቡብ፣ በኬንያ ወሰን አጠገብ የሚገኝ ሰፊ የግጦሽ አገር ነው፤ ዋና ከተማውም ያቤሎ ነው። ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ በከብት ርቢ የሚኖር ሲሆን፣ በአገሩ ስም የሚጠራው የቦረና ከብት ሙቀትና ጥማት በመቻሉ በውጭ አገር ሳይቀር የታወቀ ነው። ዝናም በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል። ዋነኛው ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንመው «ገነ» የሚሉት ሲሆን፣ ሁለተኛው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር የሚዘንመው «ሀገያ» የሚሉት ነው። የደጋው ገበሬ ክረምት ብሎ የሚያርስበትና የሚዘራበት ወራት በቦረና ሰማዩ ደመና ለብሶ ምድሩ ግን ደርቆ የሚሰነብትበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ከደጋ ተሹሞ ወደ ቆላ የሚወርድ ሹም የደጋውን የዝናም ወራት በልቡ ይዞ ቢሄድ ይሳሳታል፤ በሐምሌ ደመናውን አይቶ «ክረምት ገብቷል» ብሎ ቢጽፍ፣ ላኪውንም ተቀባዩንም ያታልላል።

የአገሩ ሰዎች ከዚህ ጠባይ ጋራ የሚስማማ ሥርዓት አላቸው። ከብቱን በሁለት ይከፍሉታል፤ የሚታለበውን ላምና ጥጃውን «ወራ» ብለው በመንደር አጠገብ ያስቀራሉ፤ የቀረውን «ፎራ» ብለው ከጐልማሶች ጋራ ወደ ሩቅ ግጦሽ ይሰዳሉ። ለጥጆችና ለደከሙ ከብቶችም «ካሎ» የሚባል የተከለለ ሣር ያኖራሉ። ለበጋ የሚተማመኑበት ግን «ኤላ» የሚሉት ጕድጓድ ነው። ከእነዚህም የሚበልጡት ዘጠኙ የቱላ ጕድጓዶች የሚገኙባቸው ቦታዎች ናቸው፤ ዱብሉቅና ኤል ዌብ ከእነርሱ ይቈጠራሉ። ከቱላዎቹ አንዳንዶቹ እስከ 30 ሜትር ድረስ ይጠልቃሉ። ሰዎቹ ከታች እስከ ላይ በየደረጃው ቆመው ውኃውን በመቅጃ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ፣ በዜማ እየተበረታቱ ለከብቱ ገንዳ ያደርሳሉ። ስለዚህም የውጭ አገር ሰዎች «የሚዘምሩ ጕድጓዶች» ብለው ይጠሯቸዋል።

በጕድጓዱ ላይ ያለው ሥርዓት ከጕድጓዱ ይልቅ የሚደነቅ ነው። እያንዳንዱ ኤላ «ኮንፊ» የሚባል የጐሣ ጠባቂ አለው፤ የየቀኑንም ተራ የሚያዝዝ «አባ ሄሬጋ» የሚባል ሰው ይሾምበታል። በደረቅ ወራት ከብቱ በየቀኑ ሳይሆን በሦስተኛው ቀን ይጠጣል፤ ይህም ውኃውን ከማዳኑ በላይ ከብቱ ከጕድጓዱ ርቆ ወዳልተጋጠ ሣር እንዲሄድ ጊዜ ይሰጠዋል። በጕድጓዱ ቍፋሮና ጠረጋ ላይ ያልደከመ ሰው ተራ አያገኝም፤ ተራውን የዘለለም ይቀጣል። ከዚህ የሚታየው፣ ውኃ በብዛቱ ብቻ ሳይሆን በአከፋፈሉም እንደሚበቃ ነው።

አምስት ወቅት ያለ ዝናም

በ2012 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ በምሥራቅና በደቡብ ኢትዮጵያ ተበትኖ እርሻና ግጦሽ አጠፋ። አገሩ ከዚህ ሳያገግም በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ሀገያው ቀረ፤ በዚያው ዓመት መጋቢት ገነውም ከልኩ አነሰ። የ2014 ዓ.ም. ሀገያ ቀረ፤ የ2014 ዓ.ም. ገነ ከተመዘገቡት ወቅቶች ሁሉ እጅግ ደረቅ ከሆኑት አንዱ ሆነ፤ የ2015 ዓ.ም. ሀገያም አልዘነመም። እንዲህ አምስት ወቅት በተከታታይ መክሸፉ ቢያንስ በ40 ዓመት ውስጥ ያልታየ ነገር ነበር። ጥፋቱም ከኢትዮጵያ ሶማሌ ምድር እስከ ሶማሊያና እስከ ሰሜን ኬንያ ድረስ ደረሰ።

የጥፋቱ አካሄድ ለሹማምንት ሊታወቅ ይገባል፤ በየደረጃው የሚመጣ ስለሆነ በየደረጃው ሊታገድ ይቻላልና። መጀመሪያ የዝናም ኩሬዎች ይደርቃሉ፤ ከብቱም ሁሉ በጥልቅ ጕድጓዶች ላይ ይከማቻል። ሁለተኛ በጕድጓዶቹ ዙሪያ ያለው ሣር ያልቃል፤ ከብቱ ውኃ እያለ በረኃብ ይከሳል። ሦስተኛ ላሞች ማጥባትና መፅነስ ይተዋሉ፤ ወተት ሲጠፋ የመጀመሪያዎቹ ተጎጂዎች ሕፃናት ናቸው። አራተኛ ሁሉም በአንድ ጊዜ ለመሸጥ ወደ ገበያ ስለሚወጣ የከብት ዋጋ ይወድቃል፤ የእህል ዋጋ ግን ይወጣል። አምስተኛ ከብቱ ያልቃል፤ ሰውም መንደሩን ትቶ ወደ ከተማ ይሰደዳል። በ2014ና በ2015 ዓ.ም. በዱብሉቅና በሌሎችም ቦታዎች የተፈናቃዮች መጠለያ የተተከለው በዚህ መንገድ ነው። በኢትዮጵያ በድርቁ ያለቀው ከብት፣ ግመል፣ በግና ፍየል ከስድስት ሚሊዮን እንደሚበልጥ ተገምቷል። ከብት ለቦረና ሰው ጐተራውም፣ ገንዘቡም፣ የልጁ ጥሎሽም ስለሆነ፣ ይህ ቍጥር የብዙ ሺህ ቤት መፍረስ ማለት ነው።

ስለ ምክንያቱ

ይህ ድርቅ ከሩቅ ባሕር የመጣ ምክንያት ነበረው። ከ2012 እስከ 2015 ዓ.ም. ባሉት ሦስት ተከታታይ ዘመናት፣ በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል ያለው የባሕር ፊት ከልማዱ ይልቅ ቀዝቅዞ ነበር፤ የአየር ጠባይ ሊቃውንት ይህን ላ ኒኛ ይሉታል። ላ ኒኛ በሚሆንበት ጊዜ እርጥብ አየር በእንዶኔዥያ አካባቢ ወደ ላይ ይወጣና በዚያ ይዘንማል፤ በምሥራቅ አፍሪካ ላይ ግን አየሩ ወደ ታች ስለሚጫን ደመና አይበረታም፤ ሀገያውም ይቀራል። በዚህም ላይ ምድር ከቀድሞው ይልቅ ስለ ሞቀች፣ የወረደው ጥቂት ዝናም እንኳ ፈጥኖ ይተናል፤ ሊቃውንት በ2015 ዓ.ም. መርምረው ድርቁን እንዲህ ያከፋው ይህ ሙቀት መሆኑን ገልጸዋል።

የዚህ ተቃራኒ ኤል ኒኞ ይባላል፤ ባሕሩ የሚሞቅበት ጊዜ ነው። ኤል ኒኞ ብዙ ጊዜ የደጋውንና የሰሜኑን ክረምት ያሳንሳል፤ በ2007 ዓ.ም. ክረምት እንዲህ ሆኖ፣ በ2008 ዓ.ም. ታኅሣሥ 10.2 ሚሊዮን ሰው አስቸኳይ የእህል እርዳታ እንደሚያስፈልገው ተነገረ። በደቡቡ ቆላ ግን ያው ኤል ኒኞ ሀገያውን ሊያበዛ ይችላል፤ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያም በደቡብና በሶማሌ ምድር ዝናሙ ከልክ አልፎ ጐርፍ ሆነ። ስለዚህ አንድ ዐዋጅ ለሁሉ ወረዳ አይሆንም፤ ለደጋው ማስጠንቀቂያ የሆነው ለቆላው የምሥራች፣ ለቆላው ማስጠንቀቂያ የሆነው ለደጋው የምሥራች ሊሆን ይችላል።

ነገር ግን ምክንያቱን ሁሉ ለባሕርና ለሰማይ መስጠት ሹምን ከኀላፊነት አያድነውም። የሰውም እጅ አለበት። ቀድሞ የቦረና ሰዎች ግጦሹን በየጊዜው በእሳት እያጸዱ ቍጥቋጦ እንዳይበረታ ያደርጉ ነበር። በ1960ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጨረሻ ገደማ እሳት ከተከለከለ ወዲህ እሾኻማ ግራር ሣሩን እየሸፈነ ሄደ። እንደዚሁም ለልማት ታስቦ በዝናም ወራት ግጦሽ ውስጥ ኩሬዎች ተቈፈሩ፤ ቀድሞ ውኃ ስለሌለው በበጋ ዕረፍት ያገኝ የነበረው ሣር ዓመቱን ሙሉ ይጋጥ ጀመር፤ መንደሮችም ተተከሉበት። የቈፋሪዎቹ ሐሳብ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ያገሩን ሽማግሌዎች ሳይጠይቁ የተቈፈረ ኩሬ ውኃ ሰጥቶ ሣር ነሣ።

ካለፈው ዘመን የተገኘ ትምህርት

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ በነበረው በክፉ ቀን፣ ከውጭ በመጣ የከብት በሽታ ከአገሩ ከብት የሚበዛው አለቀ፤ ዝናም ማጣትና አንበጣም ተጨመረበት። በሬ ስላልነበረ መሬት ጦም አደረ። ዳግማዊ ምኒልክ በዚያን ጊዜ ራሳቸው ዶማ ይዘው መቈፈራቸውና መኳንንቱም እንዲከተሏቸው ማድረጋቸው በታሪክ ተጽፏል። የንጉሥ ዶማ ብቻውን አገር አያጠግብም፤ ነገር ግን ገዥው በመከራ ቀን ከሕዝቡ ጋራ መሆኑን ያየ ገበሬ ተስፋ አይቈርጥም።

በ1965ና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የሆነው ደግሞ የተቃራኒው ምሳሌ ነው። የመከሩ መጥፋት በወረዳ ታይቶ ሳለ ወሬው ከጽሕፈት ቤት ጽሕፈት ቤት ሲንከባለል ጊዜ አለፈ፤ ችግሩም ተሸሸገ። እጅግ ብዙ ሕዝብ አለቀ፤ ይህም መንግሥቱን በ1967 ዓ.ም. መስከረም ከጣሉት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። አማርትያ ሴን የተባለው ህንዳዊ የኢኮኖሚ ሊቅ በኋላ መርምሮ እንዳሳየው፣ በደሴ ገበያ እህል ፈጽሞ አልጠፋም ነበር፤ የጠፋው መግዣው ነው። ገበሬው የሚሸጠው መከር፣ ከብት አርቢውም ዋጋ የሚያወጣ ከብት አልነበራቸውም። በዚያው ጊዜ የአፋር ከብት አርቢዎች በበጋ የሚሸሹበት የአዋሽ ዳር ግጦሽ ለጥጥ እርሻ ተወስዶባቸው ስለነበር ጕዳታቸው ከሁሉ ከፋ። ይህን ባለመሬት ሁሉ ሊያስተውለው ይገባል፤ በዝናም ዓመት ትርፍ የሚመስለው የወንዝ ዳር መሬት በድርቅ ዓመት የጎረቤቱ ነፍስ ማደሪያ ነው።

ከወሎው ጥፋት በኋላ በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥራ ተጀመረ። ይሁን እንጂ በ1977 ዓ.ም. ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ቢነገርም ጦርነትና ቸልታ ተደርበው ጥፋቱ ደገመ። ማስጠንቀቂያ ሰሚ ካጣ ከዝምታ አይሻልም።

ሊደረግ የሚገባው

አንደኛ፤ ውኃን መመዝገብ። በየወረዳው ያለ ምንጭ፣ ጕድጓድና ኩሬ ሁሉ በመዝገብ ተጽፎ፣ የትኛው በስንተኛው ወር እንደሚደርቅ፣ ስንት ቤተ ሰብና ስንት ከብት እንደሚጠጣበት መታወቅ አለበት።

ሁለተኛ፤ ኩሬን አጥልቆና አጥብቦ መቈፈር። በሞቃት ቆላ ከተገለጠ ኩሬ ላይ ፀሐይ በቀን እስከ 6 ሚሊሜትር ያህል ውኃ ታተናለች። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ስፋቱ 20 ሜትር በ20 ሜትር ከሆነ ኩሬ በአራት ወር ውስጥ 288 ሜትር ኩብ ውኃ ይጠፋል ማለት ነው። ለአንድ ከብት በቀን 30 ሊትር ቢታሰብ፣ ይህ ውኃ በእነዚያ አራት ወራት 80 ከብት ያጠጣ ነበር። ስለዚህ ፀሐይ ከመንጋው ጋራ ሌላ የ80 ከብት መንጋ አብራ ታጠጣለች ቢባል ሐሰት አይደለም። ያንኑ ውኃ በጠበበና በጠለቀ ጕድጓድ ማጠራቀም፣ ዙሪያውን ማጠር፣ ከብቱን ከኩሬው ውስጥ ሳይሆን ከገንዳ ማጠጣት፣ ዝናም ሳይገባም ደለሉን ማውጣት ይገባል።

ሦስተኛ፤ የጣራ ውኃ ማጠራቀም። አንድ ሚሊሜትር ዝናም በአንድ ሜትር ካሬ ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። 50 ሜትር ካሬ የሆነ የቆርቆሮ ጣራ 400 ሚሊሜትር ዝናም ቢያገኝ 20,000 ሊትር ይቀበላል፤ አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 16,000 ሊትር ይቀራል። አምስት ነፍስ ያለው ቤት ለእያንዳንዱ በቀን 15 ሊትር ቢጠቀም፣ ይህ ከ200 ቀን በላይ ይበቃዋል። በየትምህርት ቤቱና በየጽሕፈት ቤቱ ያለው ጣራ ሁሉ እንዲህ ያለ ሥራ ሳይሠራ ዝናሙ በደጁ ጐርፍ ሆኖ ማለፉ ያሳዝናል።

አራተኛ፤ ከብትን ሳይከሳ መሸጥ። ይህ ምክር ለመስጠት ይቀላል፤ ለመቀበል ይከብዳል። ከብት አርቢው ብዙ ከብት የሚይዘው ስለ ስስት አይደለም፤ ከጥፋት በኋላ ጥቂት እንዲተርፍለት ነው። ስለዚህ «ሽጥ» ከማለት በፊት የሚገዛው ሰው ሊመጣለት ይገባል። በ1998 ዓ.ም. ድርቅ በሞያሌ ወረዳ ነጋዴዎች ወደ አርቢዎቹ ቀርበው 20,000 ያህል ከብት እንዲገዙ ተደረገ፤ አርቢዎቹም ባገኙት ገንዘብ ለቤተ ሰባቸው እህል፣ ለቀሩት ከብቶቻቸው መኖ ገዙ። የወጣው ወጪ ካስገኘው ጥቅም ጋራ ሲመዛዘን እጅግ ትንሽ ሆኖ ተገኘ። የሹም ሥራ መንገድ ማበጀት፣ የገበያ ቦታን ማስጠበቅና ነጋዴን በጊዜ መጥራት ነው። ከብቱ ከከሳ በኋላ የሚጠራ ነጋዴ ቆዳ እንጂ ሥጋ አያገኝም።

አምስተኛ፤ ሣርን ማኖር። ዝናም በመልካም በሚዘንምበት ዓመት ካሎ ማስከለል፣ ሣር አጭዶ መከመር፣ የእህል አገዳ ሳይቃጠልና ሳይበሰብስ ማኖር ይገባል። በጥጋብ ዓመት የተከመረ ድርቆሽ በድርቅ ዓመት ከገንዘብ ይበልጣል።

ስድስተኛ፤ እርሻን ከዝናሙ ጋራ ማስማማት። ዝናሙ በማይታመንበት ቆላ ፈጥኖ የሚደርስ ማሽላና ቦሎቄ መዝራት፣ ውኃው እንዳይሮጥ ትልሙን በየመካከሉ ማሰር፣ ተዳፋቱን በድንጋይ እርከን መያዝ ያስፈልጋል። ከቦረና ጎረቤት የሆኑት የኮንሶ ሰዎች እስከ 5 ሜትር ከፍ የሚል የድንጋይ እርከን እየካቡ ተራራውን እርሻ አድርገውታል፤ ሥራቸውም በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። አምስት ወቅት ሲከሽፍ እርከን ብቻውን ከረኃብ እንደማያድን በኮንሶም ታይቷል፤ ነገር ግን ዝናሙ በተመለሰ ጊዜ አፈሩ በቦታው የሚገኘው እርከን ላለው ነው።

ሰባተኛ፤ በጊዜ መጻፍ። የወረዳ ሹም በየአሥር ቀኑ አራት ነገር ቢጽፍ ይበቃል፤ ይኸውም የዘነመውን ዝናም በሚሊሜትር፣ በዋናዎቹ ጕድጓዶች የቀረውን ውኃ በክንድ፣ የላሙን የወተት መጠንና በገበያ አንድ በሬ ተሸጦ የሚገዛውን የእህል ኩንታል ነው። ከአራቱ የመጨረሻው ከሁሉ ይልቅ እውነቱን ይናገራል። የበሬው ዋጋ ወርዶ የእህሉ ዋጋ ሲወጣ፣ አርቢው በአፉ ባይናገር እንኳ ገበያው ይናገርለታል። ይህንንም ለማስዋብ ወይም ለማክፋት ብሎ መለወጥ፣ የሐሰት ምስክርነት ከመስጠት አይለይም።

መደምደሚያ

በ2015 ዓ.ም. መጋቢት ዝናም ወደ ቦረና ተመለሰ፤ ሣሩም በቀለ። ነገር ግን ሣሩን የሚግጠው ከብት አልነበረም። መንጋ እንደ ሣር በአንድ ዝናም አይበቅልም፤ አንዲት ጊደር ወልዳ እስክታጠባ ዓመታት ያስፈልጋሉና። የቦረና ሰዎች በዚህ ጊዜ የሚታመኑበት «ቡሳ ጎኖፋ» የሚሉት የጥንት ሥርዓት ነው፤ ከብቱ ያለቀበትን ሰው ወገኖቹ ካላቸው እየሰጡ እንደገና ያቋቁሙታል። ሆኖም ድርቁ ሁሉንም በአንድነት ሲመታ ሰጪውና ተቀባዩ አንድ ይሆናሉ፤ ያን ጊዜ መንግሥት ወገን ሊሆን ይገባል።

እንግዲህ ዝናምን ማዝነም ለሹም አልተሰጠውም፤ ከዚህም የተነሣ ዝናም ስለ ቀረ የሚወቅሰው የለም። የሚጠየቀው ግን ኩሬው ደለል ሞልቶ ሳለ ዝም ስላለው፣ ግጦሹ ሲታረስ ስላላየው፣ የገበያው ዋጋ ሲወድቅ ስላልጻፈው ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል። ቅጠሉ የሚቈረጠው ዛሬ፣ ኩሬው ውኃ ሳይጐድልበት፣ ከብቱ ሥጋ ሳያጣ ነው። የሚቀጥለው ድርቅ የትኛውን ዓመት እንደሚመርጥ ባይታወቅም፣ እንደሚመጣ ግን ያለፈው ዘመን ሁሉ ይመሰክራል፤ በመጣ ጊዜም የሕዝቡ ዕጣ የሚለካው በዝናሙ ማነስ ብቻ ሳይሆን፣ አስቀድሞ በተሠራው ሥራ መጠን ነው።